የእትዬ ሰዓዲያ ድስት

ትንቢት አማኑኤል የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ጀርባ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ ግቢ ሁለት ቤተሰብ ይኖራል። በግራ በኩል የእነ ትንቢት ቤት አለ። በቀኝ በኩል የእትዬ ሰዓዲያና የባሏ የጋሼ ኑርሑሴን ቤት አለ። ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ቧንቧ ነው፤ ልብስ የሚያሰጡትም በአንድ ገመድ ላይ ነው።

ልጆች፣ ትንቢትን ብታዩዋት ትወዷት ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤት አትቀርም። ስትዘምር ድምፅዋ ከሁሉ ይቀድማል፤ አንዳንዴ ከመሪው ሳይቀር ይቀድማል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። ጥፋት ስታጠፋ ቶሎ መሸፈን ትወድ ነበር። ብርጭቆ ከሰበረች ስብርባሪውን በእግሯ ከአልጋ ሥር ትገፋዋለች። «ማንም ካላየ ምን አለበት?» ትላለች በልቧ። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚል አለ? ግድ የለም፣ እጃችሁን አታውጡ። ታሪኩን ብቻ ስሙ።

የትንቢት አባት አቶ አማኑኤል ኮሌጅ ያስተምራል። የተወለደው ሻሸመኔ ነው። የእሱ አባት፣ ማለትም የትንቢት አያት፣ በወጣትነታቸው ከጃማይካ የመጡ ሰው ነበሩ። ጃማይካ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። ጣና ላይ እንዳሉት ደሴቶች ግን አይደለችም፤ በታንኳ አይደረስባትም። አያት ከአገራቸው ይዘውት ከመጡት ነገር አንዱ የፍየል ከሪ አሠራር ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ አቶ አማኑኤል በየዓመቱ፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት እሑዶች በአንዱ፣ ያንን ወጥ በገዛ እጁ እየሠራ ጎረቤት ይጠራል። በዚያ ቀን የትንቢት እናት ውዴ ወጥ ቤት አትገባም። ወንበር እየደረደረች በባሏ ታሾፍበታለች።

«ይኼማ እርድ የበዛበት አልጫ ነው» ትለዋለች።

«አልጫ አይደለም። በልተሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» ይላታል።

እሷም በየዓመቱ አጥንቱን ሳይቀር ግጣ ትጨርሳለች። አልጫ ነው ማለቷን ግን አልተወችም።

የከሪው ቅመም የሚመጣው ከእትዬ ሰዓዲያ ነው። እትዬ ሰዓዲያ ገበያ ውስጥ ቅመም ትነግዳለች። እርዱን፣ ድንብላሉን፣ ከሙኑን፣ አብሹንና ቁንዶ በርበሬውን መጥና አስፈጭታ ታመጣለች። ትንቢት እሷን እንደ አክስቷ ትወዳታለች። አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ትንቢት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጣም ርቧት ነበር። እትዬ ሰዓዲያ ቤት ሳምቡሳ ይጠበሳል። ትንቢት ሮጣ ገባችና አንዱን አነሣች። ወደ አፏ ልትከተው ስትል እትዬ ሰዓዲያ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። እንቁላል አለበት።»

ትንቢት ጾሙን ረስታው ነበር። እትዬ ሰዓዲያ ግን አልረሳችውም። ዳቦ በሻይ አቅርባላት፣ አብልታ ሸኘቻት።

እንግዲህ እንደምታውቁት በእኛ አገር ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ይበላል፤ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ጎረቤት ደግሞ ጎረቤት ነው፤ ድግስ ሲኖር አይለያይም። ስለዚህ በእነ ትንቢት ግቢ ሁለት ድስት ይጣዳል። ትልቁ ድስት የእነ ትንቢት ነው። ትንሹ ድስት ከእነ እትዬ ሰዓዲያ ቤት ይመጣል፤ ጭልፋውም አብሮት ይመጣል። የትንሹን ድስት ፍየል የሚያርደው ጋሼ ኑርሑሴን ነው። ድስቱን የምትጠብቀው ደግሞ ሁልጊዜ እትዬ ሰዓዲያ ራሷ ነበረች።

ያለፈው ዓመት ግን ሌላ እንግዳ ነበረ። የእትዬ ሰዓዲያ አባት፣ ሐጂ አብዱልበሲጥ፣ ከወረታ ሊመጡ ሆነ። ሐጂ በሰው ቤት ሥጋ አይቀምሱም። ሰው ጠልተው አይደለም፤ ጠንቃቃ ስለሆኑ ነው። እትዬ ሰዓዲያ በስልክ ስትለምናቸው ትንቢት በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

«አባ፣ እነዚህ ሰዎች ከእኔ አይለዩም። ድስቱም የእኔ፣ ጭልፋውም የእኔ ነው። ለዚህ ቤት እኔ ዋስ ነኝ» አለቻቸው።

ሐጂም፣ «አንቺ ዋስ ከሆንሽ እበላለሁ» አሉ።

እሑድ ደረሰ። እነ ትንቢት በጠዋት አስቀድሰው ተመለሱ። አቶ አማኑኤል ሥጋውን ከነአጥንቱ ቆራርጦ፣ በሎሚ አጥቦ፣ በቅመም፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ አሽቶ ያሳደረው ከቅዳሜ ጀምሮ ነው። የሁለቱን ድስት ሥጋ በየዕቃው ለይቶ ነው ያሸው። አሁን ማንጎው ሥር ሁለት ምድጃ ከሰል አያያዘ። ዘይቱ ሲግል ማንኪያ ሙሉ ቅመም ጣል አደረገበት። ቅመሙ ጠቆር እስኪል ጠብቆ ሥጋውን ጨመረ። መጀመሪያ በትልቁ ድስት ሠራ። እጁን ታጥቦ በትንሹም ደገመው። በየድስቱ አንዳንድ ሙሉ ቃሪያ፣ ሳይቆርጥ፣ ከላይ አስቀመጠ። ሁለቱ ወጦች በመልክም በሽታም አንድ ነበሩ። የሚለያቸው ድስታቸው ብቻ ነበር።

ሥጋው መብሰል ሲጀምር ትልልቆቹ ሁሉ ሥራ መጣባቸው። እናቷ ከእድሩ ቤት ወንበርና ሳህን ልታመጣ ሄደች። እትዬ ሰዓዲያና ጋሼ ኑርሑሴን ሐጂን ለመቀበል ወደ መናኸሪያ ተነሡ። አባቷ ደግሞ ለስላሳ መግዛት ነበረበት።

«ትንቢት፣ ጎበዝ ነሽ አይደል?» አላት አባቷ። «ከድስቶቹ አጠገብ እንዳትነሺ። መረቁ ሲያንስ ከማንቆርቆሪያው ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጊ። ቃሪያውን በጭልፋ እንዳትወጊው። ከፈነዳ እንግዳው ሁሉ ያለቅሳል።»

«እሺ አባዬ።»

እትዬ ሰዓዲያ ሻሿን እያስተካከለች መጣችና ጭልፋዋን ለትንቢት ሰጠቻት።

«ልጄ፣ ድስቴን አደራ። ጭልፋ ከጭልፋ እንዳይነካካ።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለች ትንቢት። በእውነትም ታውቅ ነበር።

ሁሉም ሄዱ። ትንቢት ዱካ በሚባለው ትንሽ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ትንሹን አማሰለች፤ ትልቁን አማሰለች። ጭልፋዎቹን በየሳህናቸው አስቀመጠች። እስከዚህ ድረስ ነውር የላትም።

ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ሠርግ በሠርግ ናት። ያን ጊዜ ከአስፋልቱ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። መኪኖቹ ሙሽሮቹን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ለፎቶ ሊወርዱ ነው። ከበሮውና ጭብጨባው ቀረበ። የሰፈሩ ልጆች ሲሮጡ የእግራቸው ድምፅ ተሰማ።

«ሙሽራዋን ብቻ አይቼ እመለሳለሁ» አለች ትንቢት። ድስቶቹን ከፍታ አየች። መረቁ የሚበቃ መሰላት። ክዳናቸውን መልሳ ሮጠች።

ሙሽራዋ በእውነት ታምር ነበር። ሰልፉ ፔዳ በር ላይ ቆሞ ጨዋታው ደራ። ትንቢት አጨበጨበች፤ እስክስታም ሞከረች። ሙሽራዋን ብቻ አይታ የምትመለሰው ልጅ፣ ሚዜዎቹንም አየች፤ መኪኖቹንም አንድ በአንድ አየች። ድስቶቹ ትዝ ያሏት የመጨረሻው መኪና ሲያልፍ ነው።

ከበሩ ገና ስትገባ የማረር ሽታ አፍንጫዋን መታው። ትልቁ ድስት ደኅና ነበር፤ መረቁ ብዙ ነው። ትንሹ ግን መረቁ አልቋል። ሥሩ ጠቁሯል። ሥጋው ከድስቱ ጋር ተጣብቋል። ትንቢት ከእሳቱ አወረደችው። ያረረውን ፍቃ አውጥታ ከማንጎው ጀርባ ደፋችው። ድስቱ ውስጥ የቀረው ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ነበር።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ቆማ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ነበር። «እትዬ፣ ሠርግ ለማየት ሄጄ አሮብኝ» ብትል እትዬ ሰዓዲያ ታዝን ነበር፤ አባቷም ይቆጣ ነበር። ምሳውም ይዘገይ ነበር። ጥፋቱ ግን አንድ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ትንቢት ያሰበችው ግን ስለ ብርጭቆው ስብርባሪ ነው። ማንም ካላየ ምን አለበት?

ግቢውን ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። ትልቁን ጭልፋ አነሣች። ከትልቁ ድስት ቀዳችና ወደ ትንሹ ገለበጠች። ደግማም ቀዳች። ትንሹ ድስት እንደ ቀድሞው እስኪሆን ድረስ ጨመረችበት። መልኩ አንድ ነው፤ ሽታውም አንድ ነው። ክዳኑን ከደነች፤ መልሳ ጣደችውና ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ማንም አላየም።

አባቷ መጣ። ለሁለቱም ድስት ድንችና የኮኮናት ወተት ጨምሮ፣ እስኪበስል ጠብቆ፣ ከትልቁ ድስት ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ይመርቁሽ ነበር» አላት።

በሌላ ቀን ቢሆን ትንቢት ይህን ሰምታ ትዘል ነበር። አሁን መሬት መሬት አየች።

እንግዶቹ ተሰበሰቡ። ሐጂ አብዱልበሲጥ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ሁሉም ተነሣላቸው። ማንጎው ሥር ጥሩው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሰዓዲያ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። አባቷ በጎረቤቷ ቤት ማዕድ ሲቀርቡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ድስቷን ራሷ ከፍታ፣ ሩዙ ላይ ከሪውን አውጥታ አቀረበችላቸው።

ሐጂ ትንቢትን በእጃቸው ጠሯት።

«ድስታችንን የጠበቅሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ አባባ።»

«አላህ ያሳድግሽ። ለወላጆችሽ ያኑርሽ።»

ሐጂ እጃቸውን ታጠቡ። «ቢስሚላህ» አሉ። አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፋቸው አነሡ።

በዚያች ቅጽበት ትንቢትን ሳምቡሳው ትዝ አላት። የእትዬ ሰዓዲያ እጅ የእሷን እጅ ሲይዝ ትዝ አላት። እሷ ረቡዕን ስትረሳ እትዬ ሰዓዲያ አልረሳችላትም። ጾሙ የትንቢት እንጂ የእትዬ ሰዓዲያ አልነበረም። ዝም ብትላትም የሚጠይቃት አልነበረም።

«አባባ፣ አይብሉ» አለች ትንቢት።

ሐጂ እጃቸውን አቆሙ።

«ምን ሆነሻል?» አለ አባቷ።

«ሠርግ ለማየት ሄጄ አሮብኝ። እንዳይታወቅብኝ ብዬ ከእኛ ድስት ጨመርሁበት። በእኛው ጭልፋ ቀድቼ ጨመርሁበት» አለች። ከዚያ በኋላ ዕንባዋ ወረደ።

ጋሼ ኑርሑሴን የሐጂን ሳህን አነሣ። እትዬ ሰዓዲያ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። አቶ አማኑኤል ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቤቴ ድረስ አምነውኝ መጥተው አሳፈርኩዎት» አለ።

ሐጂ ጉርሻውን ጋሼ ኑርሑሴን በያዘው ሳህን ላይ መለሱ። እጃቸውን እንደ ገና ታጠቡ። ከዚያ ትንቢትን አዩዋት።

«ስትጨምሪ ማን አየሽ?»

«ማንም አላየኝም።»

«ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

ትንቢት ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«እትዬ ሰዓዲያ ረቡዕን አስታውሳልኝ ነበር» አለች።

እንግዶቹ ምን ማለቷ እንደ ሆነ አልገባቸውም። እትዬ ሰዓዲያ ግን ገብቷት ፊቷን አዞረች። ስታለቅስ ትከሻዋ ይታይ ነበር። ኋላ ዕንባዋን ጠርጋ ነገሩን ለአባቷ ነገረቻቸው።

ሐጂ ሰምተው ሲጨርሱ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ጥፋትሽ ቀላል አይደለም፤ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም» አሉ። «ድስቱን አንቺው ታጥቢዋለሽ። አሮጌው ጥቁር እስኪለቅ፣ አዲስ እስኪመስል። ልጄ ሰዓዲያ ግን ለዚህ ቤት ዋስ መሆኗ ከንቱ አልሆነም።»

ውዴም ያን ጊዜ መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች። «ሐጂ፣ መቼም ጦምዎን አይሄዱም» አለች። «እኔ ጣና ዳር፣ ደልጊ ነው የተወለድሁ። ውዴ እንግዳ ጦሙን ሸኘች ከተባለ ዘመዶቼ አገር ይለቃሉ። ዓሣ ደግሞ አራጅ የለው።»

ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «የጣና ዓሣ የሁላችንም ነው» አሉ።

ጋሼ ኑርሑሴን በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ሄዶ ዓሣ ይዞ መጣ። ውዴ ዓሣውን በለተች፤ እትዬ ሰዓዲያ ሌላ ንጹሕ መጥበሻ ከቤቷ አወጣች። አቶ አማኑኤል የቀረውን ቅመም አሽቶበት የዓሣ ከሪ ሆነ። ምሳው በጣም ዘገየ። ሲቀርብ ግን ድስት መለየት አላስፈለገም፤ ሁሉም ትልቁን ትሪ ከብበው በሉ። ውዴ ዓሣውን ቀምሳ፣ «ይኼስ አልጫ አይደለም» አለች።

ትንቢት አልተቀመጠችም። ቧንቧው ሥር ሆና በአመድና በሎሚ ድስቱን ታሻለች። ክንዷ ዛለ፤ ጥፍሯ ጠቆረ። ማንም አላገዛትም፤ እሷም አግዙኝ አላለችም። ሌሎቹ በልተው ሲነሡ ድስቱ ያበራ ነበር። እትዬ ሰዓዲያ ተቀብላ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰችው። ለትንቢት ያስቀመጠችላትን ዓሣ በሳህን ሰጠቻት። ትንቢት እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ግን ቀና አደረገቻት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት።

በማግስቱ ትንቢት ከአባቷ ጋር የንስሐ አባታቸው ወደ ሆኑት ወደ መምሬ ጥዑመ ልሳን ሄዳ ሁሉን ተናገረች። የጸሎት ቀኖና ሰጧት፤ መክረውም ሸኟት። ያን ሳምንት ከአልጋ ሥር ያለውን ስብርባሪ ሁሉ ጠርጋ አወጣች። እናቷ ስንት ብርጭቆ እንደ ጎደላት ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

ይቅርታ ተደረገላት፤ መታመን ግን ቶሎ አልተመለሰም። እትዬ ሰዓዲያ እንደ ቀድሞው ሻይ ትሰጣታለች፤ ታጫውታታለች። ነገር ግን «አደራ» የምትለውን ቃል አልደገመችላትም። ትንቢትን ከስድብ ይልቅ ይህ ያሳዝናት ነበር። ሆኖም አላኮረፈችም። ለእናቷ ስትላክ ቶሎ ተመለሰች። ስታጠፋ ሳትጠየቅ ተናገረች።

ዘንድሮም ከሪው ተሠራ። ሁለቱ ድስቶች ማንጎው ሥር ተጣዱ። ሐጂ አብዱልበሲጥ ከዋዜማው መጥተው ልጃቸው ቤት አድረው ነበር። ትልልቆቹ ወደየሥራቸው የሚሄዱበት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ተያየ።

«ዘንድሮ እኔ ራሴ እጠብቃለሁ» አለ አቶ አማኑኤል።

ትንቢት አንገቷን ደፋች።

«ተው አማኑኤል» አሉ ሐጂ። «ድስት ሲያርበት የሚናገር ጠባቂ ከየት ታገኛለህ? እሷው ትጠብቅ። እኔም ከእሷ ድስት እበላለሁ።»

እትዬ ሰዓዲያ አባቷን አየች፤ ትንቢትን አየች። ከዚያ ጭልፋዋን አንሥታ በትንቢት እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ድስቴን አደራ» አለቻት።

ትንቢት ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ከአስፋልቱ በኩል ጥሩምባ ተሰማ። ከበሮው ቀረበ። ልጆች ሲሮጡ የእግራቸው ድምፅ ተሰማ። የትንቢት አንገት ትንሽ ወደ በሩ ዞረ፤ ልጅ ናትና። እግሯ ግን ከድስቱ አጠገብ አልተነቀለም። ማንቆርቆሪያውን አነሣችና ለትንሹ ድስት ጥቂት ሙቅ ውኃ ጠብ አደረገችለት።

ልጆች፣ ሰው ባያየንም የተሰጠንን አደራ እንጠብቅ፤ አደራውን ካበላሸነውም ሳንሸፍን ቶሎ እውነቱን እንናገር።